እርሳቸው የሚያገኙትን ያህል

የሰው ሁሉ ደመወዝ እያወቁ መኖር ያስፈራል። ደባርቅ ውስጥ ሎጅና የጭነት መኪናዎች ባሉት አንድ ድርጅት የሰው ሀብት ሠራተኛ ነኝ፤ ቅጥሩም፣ ስንብቱም፣ የደመወዙ ጣጣም እኔው ዘንድ ነው። ሾፌሮቹ ከእኔ የበለጠ እንደሚከፈላቸው አውቃለሁ። የወጥ ቤቱ አለቃም ይበልጠኛል፤ የጎንደር ሆቴሎች እንዳይወስዱት ድርጅቱ ይፈራላ! እኔን ማን ይወስደኛል? ዲግሪ አለኝ፣ የሥራ ልምድ አለኝ፤ የሌለኝ «ልሄድ ነው» ብዬ የማስፈራራበት ቦታ ነው። ደመወዝን ከትምህርትም ከልምድም ይልቅ ይህ እንደሚወስነው በራሴ ላይ አየሁት።

ስቀጠር የድርጅቱ ባለቤት «ስንት ትጠይቂያለሽ?» ቢሉኝ «እንደ ፈቃድዎ» አልሁ። አባቴ ዳባት የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ሰው የሰጣቸውን ተቀብለው መርቀው ሲሸኙ ነው ያደግሁት። በእኛ ቤት ለራስ ዋጋ መጥራት ነውር ነው። ባለቤቱም እንደ ፈቃዳቸው ሰጡኝ፤ ፈቃዳቸው ግን ትንሽ ነበረች።

የመንገዱ ጸጥታ በደፈረሰ ቁጥር ጎብኚ ይቀራል፤ ጎብኚ ሲቀር ሠራተኛ ይቀነሳል። የስንብቱን ደብዳቤ የማዘጋጀው እኔ ስለሆንሁ፣ ቀጣይዋ እኔ ብሆንስ እያልሁ ስሙን ደጋግሜ አነባለሁ። አባቴ ዓይናቸው ደክሞ ማስተማር ትተዋል፤ ቀለባቸውም መድኃኒታቸውም ከእኔ ነው። ስለዚህ «ጭማሪ» የሚለውን ቃል አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ባለቤቱ አስጠሩኝና፣ «ዳባት ለምንከፍተው ቅርንጫፍ እንዳንቺ ያለ ሠራተኛ እንቀጥራለን፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ትቀመጫለሽ» አሉኝ። ቅርንጫፍ ይበሉት እንጂ በእኔ ቦታ ሰው ሊያስገቡ ነው ብዬ ደመደምሁ። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። ባለቤቱ ስሜን በጠሩ ቁጥር የስንብቴ ቀን መጣ እላለሁ፤ የሚጠሩኝ ግን ቁልፍ የት እንዳለ ሊጠይቁኝ ነው።

ለቃለ መጠይቁ የመጣችው የበየዳ ወረዳ ልጅ ነበረች፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም ያልቆየች። ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ ደመወዝ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?» አለችኝ። የባለቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ይሰሙኛል ብዬ ፈራሁና፣ «የመሰለሽን በይ» አልኋት።

ገባን። የተጠየቀችውን ሁሉ አሳምራ መለሰች። በመጨረሻ ያቺ ጥያቄ መጣች፤ «ስንት ትጠይቂያለሽ፣ ልጄ?»

አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ወደ እኔ አየች። «ከእርሳቸው በልጬ አልጠይቅም፣ ነውር ነው። እርሳቸው የሚያገኙትን ያህል ይበቃኛል።»

የባለቤቱ ፊት በራ። «ጨዋ ልጅ! በቃ፣ ተስማምተናል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ፤ «ውሉን አዘጋጂ።»

ልጅቱ ፈገግ አለችልኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የሠራች ሴት የምታገኘውን ጠይቃ፣ እኔን ማክበሯም ራሷን መጥቀሟም መስሏታል። ብናገር የአባቴ መድኃኒት ታየኝ። ዝም ብልስ? የመጀመሪያ ደመወዟን ተቀብላ እኔን የምታይበት ዓይን ታየኝ፤ እውነት ለመናገር ይህኛው ባሰብኝ።

«ጋሼ፣» አልሁ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «መጀመሪያ የእኔን ደመወዝ ትስማ።»

«ምን አልሽ?»

እንደገና ከጠየቁኝ እንደማልደግመው ስለማውቅ ቶሎ ብዬ ደመወዜን ተናገርሁ። ለአባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ልጅቱ የቀለድሁ መስሏት ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

«የወር ነው?» አለች።

«የወር ነው።»

ባለቤቱ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እሺ፣ አንቺስ አሁን ምን ትያለሽ?» አሏት፤ ድምፃቸው ቀዝቅዟል።

ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ከእርሳቸው በልጬ አልጠይቅም ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። እንግዲያስ መጀመሪያ ለእርሳቸው ይጨመርላቸው።»

ሁለታችንንም ውጡ አሉን። ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ተቀመጥን። ላብ አጥምቆኛል፤ ለአባቴ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ማሰብ ጀምሬአለሁ። በየዳ ላሉት ቤተሰቦቿ ምን ብላ እንደምትነግር እሷም የምታስብ መሰለኝ። ሥራ ሳትይዝ ሥራ ያጣች ልጅ!

በሩ ተከፈተ። ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ቆመው አዩን። ልጅቱን ትተው እኔን፣ «ስንት ትጠይቂያለሽ?» አሉኝ።

አፌ ለ«እንደ ፈቃድዎ» ተከፈተ፤ ለምዶበታላ። ልጅቱ የነጠላዬን ጫፍ ሳብ አደረገችው።

እየፈራሁ ዋጋዬን ጠራሁ።