ቀዩና ነጩ ባሕር ዛፍ ሳን ሆዜ ላይ

ጃንሆይ ገና ሳይወርዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ እኔ ኦክላንድ፣ ጓደኛዬ ታደሰ ደግሞ ሳን ሆዜ እንማር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮል አደረገልኝ። ጉንፋን ድምፁን ዘግቶታል።

«ባሕር ዛፍ ታጠን እንጂ!» አልኩት።

«ግቢያችን ውስጥ አለ፤ እሱን ላፈላ ነው።»

«ፍሬው ምን ያክላል?»

«ሽምብራ።»

«እሱማ ቀዩ ነው፤ ለምሰሶ እንጂ ለጉንፋን አይሆንም! የነጩ ፍሬ የካፖርት ቁልፍ ያክላል፤ ቅጠሉን ጨምቀህ ስታሸተው አናትህ ድረስ ይገባል።»

«እኛ ናዝሬት በቀዩ ታጥነን ነው ያደግነው» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

እልህ ያዘኝ። ከሰፈሬ ኮረብታ የነጩን ቅርንጫፍ አንድ እቅፍ ቆርጬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ሽታው ሲበረታባቸው አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄዱ። እኔ ግን እቅፌን አልለቀቅኩም።

ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው የሚጨስ ድስት ላይ አቀርቅሯል። ወለሉ ላይ የቀዩ ቅጠል ተበትኗል።

«አንተ ግትር! ነጩን ይዤልህ መጣሁ እኮ!» ብዬ ጀርባውን መታ አደረግኩና ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት።

ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ የተለጠፈ አሜሪካዊት አሮጊት ቀና ብለው አዩኝ። የታደሰ አከራይ ናቸው። ታደሰ ንፍጡን እየጠረገ ከወጥ ቤት ብቅ አለና ባለበት ደርቆ ቀረ። ዛሬውኑ ከነሻንጣው የሚያስወጡት መሰለኝ።

አሮጊቷ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ወደ እቅፌ አወረዱ።

«ታደሰ የነገረኝ ነጩ ያ ነው?» አሉኝ። «በል ቶሎ አምጣው! ቀዩ የከፈተልኝ አንዱን አፍንጫዬን ብቻ ነው።»