አክስቴ ሳልቪያዋን ያጨደች ዕለት

አክስቴ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ ነው ጡረታ የወጣችው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የእሷና የሳልቪያዋ ነው። ሳልቪያ በየዓመቱ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ሐምራዊ አበባ የሚሰጥ ተክል ነው፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ ደርድራዋለች። ማንም አይነካባትም። አንዴ አንዲት ዘለላ ብቀነጥስ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች።

አንድ ቅዳሜ ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው! ወረቀት እንኳ የማታስነካውን የልብስ መቀሷን ይዛ፣ ተንበርክካ፣ ሳልቪያውን ከመሬት አንድ ስንዝር እያስቀረች ታጭደዋለች። ጫፉ ላይ ገና አበባ አለ እኮ! ክው ብዬ ቀረሁ። ምን ነካሽ ብላት ቀና እንኳ አላለችም።

«አንተ የሰው ፀጉር ስትላጭ ማን አለቀሰ?» አለችኝ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ያን ቀን ግን ቀልዱ አላሳቀኝም።

ልጇ ድሮም እናቴ መርሳት ጀምራለች፣ ብቻዋን መኖር የለባትም ስትል፣ የምሟገትላት እኔ ነበርኩ። ያን ዕለት ደንግጬ ራሴው ለልጇ ደወልኩላት። የምትሳሳለትን አትክልት ጨፈጨፈችው፣ ልክ አይደለችም አልኳት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ልጇ በሳምንቱ መጥታ፣ ለጥቂት ቀን ዕረፍት ነው ብላ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻት።

በሁለተኛው ወር በአክስቴ ቤት በኩል ሳልፍ በአጥሩ ላይ አሻግሬ አየሁ። ያ ሁሉ ጉቶ አቆጥቁጦ፣ ከበፊቱ እጥፍ አብቧል። ለካ የመጀመሪያው አበባ ማለቂያው ላይ ሲቆረጥ ነው ደግሞ የሚያብበው። እግሬ መሬቱ ላይ ተተከለ። የማላውቀው ሰው በሩን ከፍቶ ምን ፈለግህ አለኝ። ተከራይ ነኝ፣ የሴትዮዋ ልጅ አከራይታኝ ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው አለ። ሁለተኛ ድንጋጤ።

በስልኬ ፎቶ አንስቼ አራተኛ ፎቅ ድረስ በሩጫ ወጣሁ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ አስፍታ አየችው። ከግራ ሦስተኛው ውሃ በዝቶበታል አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«ነይ እዪው፣ እብደቴ አብቧል።»

እኔን ደግሞ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር አውጣልኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ አለችኝ። አወጣሁት። ልጇ ግን አንገቷን ደፋች፤ ስለ ተከራዩ ምንም አልነገረቻትም። አክስቴ ጫማዋን ማድረግ ጀምራለች። እኔ ሻንጣውን እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። ማን ይንገራት?