እዛ ካያ

ደብረ ብርሃን ላይ ስም የሌለው አንድ ጠባብ ቤት ነበር። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቁመተ ረዥም ሁሉ ሳይወድ በግዱ እጅ እየነሳ ይገባል። ውስጡ ከስምንት ሰው በላይ አይዝም፤ ዘጠነኛው የመጣ እንደሆነ ስምንቱ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ያስጠጉታል። ባለቤቱ ከአንኮበር የመጡ፣ በጉብዝናቸው ዘመን በጦር ሰፈር ወጥ ቤት የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ቢኖር እንኳ የሚጠራበት አልነበረም። ትልቅ ትንሹ «አያ» ይላቸዋል።

አያ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ራሳቸው ይቀዳሉ፣ ያላማራቸውንም ሰው ራሳቸው ያስወጣሉ። ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ቁጢጥ ብሎ አይቶ የሳቀ ሁሉ አንድ ጉርሻ ሲቀምስ ሳቁን ይተዋል። በፍስክ ቀን የበግ ጉበትና ኩላሊት በአሮጌ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ላይ ሰክተው ከሰል ላይ ያገላብጡታል። በጾም ቀን እዚያው ሽቦ ላይ ድንች ይሰካል፣ ባቄላ ይቀቀላል፣ ስልጆ ይቀርባል። የገብስ አረቄያቸውን ሲቀዱ መለኪያው ሞልቶ ወደ ማስቀመጫው ካልፈሰሰ የቀዱ አይመስላቸውም።

«ወዴት ነህ?» ቢሉህ «እዛ ካያ» ትላለህ። «የት አመሸህ?» ቢሉህም «እዛ ካያ»። በዚያ ዘመን የሚሄዱበትን ቦታ በስሙ አለመጥራት ከአስተዋይነት ይቆጠር ነበር። «እዛ» የምትለዋን ቃል ያህል ለሰው የደረሰ ዘመድ አላውቅም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም በጾም ቀን፣ የተማሪ ወረቀት በብብቴ ይዤ እሄድና ጥጉን ይዤ በቀይ እስክሪብቶ እያረምኩ አረቄዬን እጠጣለሁ። የኪራይ ቤቴ ቅዝቃዜ እስክሪብቶ ስለማያስይዝ ነው። እኔ ስገባ ጨዋታው ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። ለመምህርነት የተሰጠ ክብር ነው ብዬ ደረቴን ነፋ አድርጌ እቀመጥ ነበር።

አንድ ሰሞን የአያ በር ላይ ደብዳቤ ተለጠፈ። ቤቱ «ለግለሰብ ጥቅም የቆመ፣ ንጽሕናው ያልተጠበቀና መቀመጫው ከደረጃ በታች የሆነ» ስለሆነ በወሩ መጨረሻ ይታሸጋል ይላል። መቀመጫው የጭቃ መደብ ነው፤ መደብ ምን ያህል ከፍ ሲል ደረጃውን እንደሚያሟላ ደብዳቤው አይናገርም። እውነተኛውን ምክንያት ግን ሁላችንም እናውቀው ነበር። የቀበሌው የውይይት ክበብ የሚሰበሰበው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ክበቡ ሁለት መቶ ወንበር አለው፣ የአያ ቤት ስምንት ሰው ይይዛል፣ የሚሞላው ግን የአያ ነበር።

አያ ከዚያ ቤት ሌላ ምንም አልነበራቸውም። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም፣ የሚያድሩትም ከምድጃው ጀርባ ባለችው ጓዳ ነው። «ከታሸገ እንግዲህ መኝታዬ ደጀ ሰላም ነው» አሉ፤ ድንቹን ማገላበጣቸውን ግን አላቆሙም። እኔ ያን ቀን የአንዲት ተማሪ ወረቀት ላይ ትክክል የነበረውን ሁሉ በቀይ ሰርዤ ተገኘሁ። በጣም አዝኜ ነበር።

ደብዳቤውን የፈረመው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ እኛን ይለካን ጀመር። ክፉ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ። ከላይ የመጣለትን ወረቀት ሁሉ የሚፈርም፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደፈረመ የሚያነብ ሰው ነበር።

በዚያው ወር ለከተማው የውሃ ፓምፕ የሚተክል ጃፓናዊ መሐንዲስ ይመጣል ተባለ። ሊቀመንበሩ ቢሮው ጠርቶ አስተርጓሚ አደረገኝና በሩን ዘግቶ «ጓድ መምህር፣ ለመሆኑ ጃፓን የማን ናት? የኛ ናት የነሱ?» አለኝ። አላውቅም አልኩ። መሳቢያውን ስቦ ያሉትን በራሪ ጽሑፎች ሁሉ አገላበጠ፤ ስለ ጃፓን የሚል ጠፋ። በመጨረሻ እንግዳው ሲገባ ጭብጨባው መካከለኛ እንዲሆን ተወሰነ።

ግብዣው የተደረገው ረቡዕ ቀን በቀበሌው አዳራሽ ነው። ጾም ኋላ ቀር ልማድ መሆኑን ሊቀመንበሩ በየስብሰባው ያስተምረን ስለነበር በግ ታረደ። ንግግሩ ረዘመ፤ እሱ ሲናገር፣ እኔ ስተረጉም፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ የራሱን ሥራ ሲሠራ ስቡ ሳህኑ ላይ እንደ ሻማ ረጋ። ከዚያ ሁሉም ሰው ድንገት ታመመ። አንዱ ጨጓራዬ አለ፣ አንዱ ጥርሴን፣ ሊቀመንበሩ ራሱ ሐኪም ሥጋ ከልክሎኛል አለ። እንግዳው ብቻውን አንድ የቀዘቀዘ አጥንት ይዞ ዙሪያውን ያያል።

«የሚፈልገው ነገር እንዳለ ጠይቀው» አለኝ ሊቀመንበሩ።

ጠየቅሁት። እኔ ለዓመታት ሰዋስው አስተምሬ መልስ ከሚሰጥ ሰው ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋግሬ አላውቅም፤ እሱም አንድ ቃል ለመናገር ሦስት ደቂቃ የሚያስብ ሰው ነው። አሰበ፣ ወደ ውጭ ጠቆመ፣ በሁለት ጣቱ መለኪያ የሚያክል ነገር አሳየ። ከዚያ ጥርት ባለ የሸዋ አማርኛ እንዲህ አለ፦

«እዛ ካያ።»

ሊቀመንበሩ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለ?»

«እዛ ካያ ነው ያለው» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«ከመጣ ገና ሁለት ሰዓቱ ነው። ማን ነገረው?»

ማንም አልነገረውም። ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን። እንግዳው ያልገባን መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ሊቀመንበሩ ግንባሩን ጠረገ። የውጭ እንግዳን ፍላጎት መንፈግ አንድ ጥፋት ነው፤ ሊታሸግ ወደተወሰነበት ቤት መውሰድ ሌላ ጥፋት ነው። ሁለቱን መዘነና የሚበላ ነገር ያለበትን ጥፋት መረጠ።

ስንደርስ አያ ብቻቸውን ድንች እየሰኩ ነበር። እንግዳው በሩ ላይ እጅ ነስቶ ገባ፤ እሱ ግን በሩ ቢረዝምም እጅ የሚነሳ ይመስለኛል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀና መደቡ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ እንግዳውን አየ፣ የራሱን ጫማ አየ። እንግዳ ያወለቀውን እሱ ሊጫማ ነው? አወለቀ። የግራ ካልሲው በአውራ ጣቱ በኩል ተቀዶ ነበር፤ ያ ሁሉ ልብስ ሰፊነት ካልሲው ድረስ አልወረደም። አያ ጣቷን አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

መለኪያው ሞልቶ ሲፈስ እንግዳው እጁን ደረቱ ላይ አኖረ። ባቄላ ንፍሮውን ልጣጩን እየጨመቀ፣ እዚሁ ያደገ ይመስል በላው። ስልጆውን በጣቱ ጫፍ ቀምሶ ግን ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲገልጠው እንባ አቅርሯል። ሰናፍጩ አፍንጫው ገብቶ ነው ብለን ውሃ አቀረብንለት፣ አልተቀበለም። መደቡን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «እዛ ካያ፣ እዛ ካያ» ይላል።

አያ በተጠሩ ቁጥር «አቤት ጌታዬ፣ አለሁ» ይላሉ።

«ጌታዬ ቀርቷል፣ አያ» አለ ሊቀመንበሩ አፉ በድንች እንደሞላ። በአንድ መቀመጫ ስድስት ሽቦ ድንች ጨርሶ ነበር። ጾመኛ እንጂ ሐኪም የከለከለው ሰው እንደዚያ አይበላም።

ስንወጣ እንግዳው ክንዴን ይዞ ቆመ። በዚያ በሚንቀረፈፍ እንግሊዝኛው፣ በአገሩ ሰው ከሥራ ሲወጣ ትንሽ የሚጠጣበት፣ ከሰል ላይ የተጠበሰ ቁራሽ ነገር የሚበላበት ጠባብ ቤት እንዳለ አስረዳኝ። የዚያ ዓይነት ቤት መጠሪያው ኢዛካያ ነው። በየመንደሩ አለ። ናፍቆት ነበር።

ሊቀመንበሩ ጫማውን እያሰረ «ምን እያለ ነው?» አለ።

እውነቱን ብናገር ነገሩ ያበቃል። ሰውዬው አያን አያውቃቸውም፣ ደብዳቤው በቦታው ይጸናል፣ አያም ደጀ ሰላም ያድራሉ። ብዋሽና ቢታወቅ ደግሞ በባዕድ ቋንቋ የቀበሌ ሊቀመንበር ማሳሳት በዚያ ዘመን በይቅርታ የሚታለፍ አልነበረም። ከሁሉ የሚገርመኝ አፌ ከእኔ በፊት መወሰኑ ነው።

«የኚህ ሰው ዝና ጃፓን ድረስ ተሰምቷል ይላል» አልኩ። «ቤቱ ጠፍቶ ቢያገኘው ኖሮ በጣም ያዝን ነበር ይላል።»

ሊቀመንበሩ ክሩን አስሮ ጨረሰና ቀና አለ። ከዚያ የማሸጉ ጉዳይ «ለተጨማሪ ጥናት ይቆይ» አለ።

በዚያ ዘመን ለጥናት የቆየ ነገር ሞቶ የተቀበረ ማለት ነው። ጃፓናዊው ፓምፑን እስኪተክል በየቀኑ ተመላለሰ፤ ፓምፑ የተጓተተው በመለዋወጫ እጦት ነው ቢባልም እኔ ግን ስልጆውን እጠረጥራለሁ። ሊቀመንበሩ ጥናቱን ራሱ ያዘው። ረቡዕና ዓርብ እየመጣ ድንቹን ያጠና ነበር። ሰዉ ሁሉ «ጃፓን ድረስ የታወቁት አያ» ይል ጀመር።

እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አላገኘሁም። መኪና በደጄ ባለፈ ቁጥር አንድ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው መጥቶ የሚያጋልጠኝ ይመስለኛል። በፍርሃቴ ውስጥ ግን ኩራትም ነበረኝ፤ ያን ቤት ብቻዬን ተሸክሜ ያቆምኩ ሰው ነኝ እላለሁ ለራሴ። አያ ቤት ስገባ አሁንም ጨዋታው ቀዝቀዝ ይላል። ሳያውቁት ያከብሩኛል እላለሁ።

ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። በዚያው ክረምት አያ ሳል ጠንቶባቸው ተኙ፤ ልጠይቃቸው ጓዳቸው ገባሁ። ሌላ ሰው አልነበረም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጃፓናዊው እርስዎን አልጠራም፣ ቃሉ የአገሩ ቃል ነው፣ ዝናውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

«እሱንማ አውቀዋለሁ» አሉ አያ። «ጃፓን ድረስ ማን ያውቀኛል ልጄ? ከአንኮበር ስወጣ እንኳ የሸኘኝ የለም።»

«ማን ነገረዎ?»

«ራሱ ነዋ። በማግሥቱ መጣና ወረቀት ላይ በከሰል ቤት ሣለ፤ ዝቅ ያለ በር፣ ምድጃ፣ ተጠጋግተው የሚጠጡ ሰዎች። ሥዕሉን ነክቶ ‹እዛ ካያ› አለ፣ ቤቴን አሳይቶ ‹እዛ ካያ› አለ። እኔ ደረቴን ይዤ ‹አያ› ብለው፣ አይደለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሊቀመንበሩም እዚያው አጠገቡ ነበር።»

«ሊቀመንበሩ አይቷል? ምን አለ?»

«ወረቀቱን አጥፎ እሳት ውስጥ ጨመረው። ‹አያ፣ ይህን ያየን ሁለታችን ብቻ ነን፤ ለማንም እንዳይተነፍሱ፣ በተለይ ለዚያ መምህር› አለኝ።»

«ለእኔ? ለምን ለእኔ?»

አያ ሳሉ፤ ሳሉ ያለቀ መሰለኝ፣ እሳቸው ግን ጥቂት ጨመሩበት።

«ያው ያቺ ቀይ እስክሪብቶህ ናት ልጄ። ሰው ሲጫወት ጥግ ይዘህ ትጽፋለህ። ወደ ላይ ሪፖርት የሚጽፈው እሱ ነው ይሉህ ነበር። ሊቀመንበሩ እንኳ ጾመኛነቱን ጻፍክበት ብሎ ስንት ጊዜ ድንቹን ትቶ ሄዷል።»

ስንት ቅዳሜ ደረቴን ነፍቼ እንደተቀመጥኩ ትዝ አለኝ። እነዚያ ስምንት ሰዎች ትንፋሻቸውን የሰበሰቡት ቦታ ሊለቁልኝ ብቻ አልነበረም። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ልቤ ተሰበረ።

«ለመሆኑ ትጽፍ የነበረው ምንድን ነው?» አሉ አያ።

«የተማሪ ፈተና ነው የማርመው» አልኩ።

አያ ቀና ብለው ትራሱን ተደግፈው አዩኝ። «ታዲያ ይህን ያኔውኑ ብትነግረን ምን ነበረበት?» አሉ።

እስከዚያች ቀን ድረስ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።