ወደ ጭላዳዎቹ ሲኬድ የሚያዝ

ወሰንየለሽ ጓሳ ሜዳ ላይ እንግዳ መምራት ስትጀምር ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። እስከዚያ ድረስ እንደ ጎረቤቶቿ ገብስ ስታርም፣ የበግ ጠጉር ስትፈትል ነው የኖረችው። መስኩን ለሚጠብቀው ማኅበር ሴት አስጎብኚ ይፈለጋል ሲባል ከሁሉ ቀድማ ስሟን አስመዘገበች። አገሩን እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለችና። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጠዋት በየትኛው በር ከገደሉ እንደሚወጡ፣ ማታ ለማደር በየት በኩል እንደሚወርዱ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ የምታደባበት የቱ ጋ እንደሆነ ሳታይ ትናገራለች።

በሥራው ሦስተኛ ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ቤተል የምትባል ፎቶ አንሺ ከአዲስ አበባ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሹፌሩ ከማደሪያው ጎጆ አጠገብ አውርዷት ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ተመለሰ። ወሰንየለሽ ሻንጣዋን ይዛላት ስትገባ ልጅቱ አልጋው ላይ ዘረገፈችው። ሁለት ካሜራ፣ የካሜራ ሌንስ የሞላበት ቦርሳ፣ የባትሪ መሙያ፣ የሚያብረቀርቅ ቀሚስ፣ ነጠላ ጫማና ዣንጥላ ወጣ። የሚሞቅ ነገር አልነበረም። የለበሰችው ጅንስ ሱሪና ስስ ሹራብ፣ የተጫማችው የከተማ ሸራ ጫማ ነው።

ወሰንየለሽ የዝናብ ልብስ ይዛ እንደሆነ ጠየቀቻት። ቤተል በመስኮቱ ፀሐዩን አሳይታ ሳቀች። ወሰንየለሽ እንዲያም ቢሆን ከቤቱ ባና፣ ከበግ ጠጉር ከተሠራው ብርድ ልብስ፣ አንዱን አጥፋ ሰጠቻት። ልጅቱ ተቀብላ ክብደቱን መዘነች፣ የበግ ሽታው አፍንጫዋን ሲነካት ግን በትሕትና መልሳ አልጋው ላይ አኖረችው። «ካሜራው ራሱ ይከብደኛል፣ እትዬ» አለች።

ወሰንየለሽ ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። እንግዳን ማዘዝ ነውር ነው። በስልጠናውም እንግዳን አትቃወሙ ተብለዋል። እሷ በርኖሷን ደርባ፣ በሶ በአገልግል፣ ውኃ በኮዳ፣ አንድ ሰፊ ላስቲክም ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል ላይ መንጋው ጋ ደረሱ። ሁለት መቶ የሚሆኑ ጭላዳዎች ከገደሉ አፍ ትንሽ ራቅ ብለው ቂጣቸው ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ቤተል ከደስታዋ ብዛት የምትተነፍስ አትመስልም ነበር። በሆዷ ተኝታ፣ ተንበርክካ፣ ዞራ ታነሣለች። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ግን ግልገሎች ያዘሉት እናቶች ተነሥተው ወደ ገደሉ ያመሩ ጀመር። ያለ ሰዓታቸው ነው። ወሰንየለሽ ይህን ስታይ እንመለስ አለች። ልጅቱ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ብላ ለመነቻት። እሺ አለቻት።

በዚያች ዐሥር ደቂቃ ውስጥ ከቆላው በኩል ጉም በገደሉ ሽቅብ ወጣ። መጀመሪያ ሰው የሚያካክሉትን የጅብራ ተክሎች ዋጠ፣ ከዚያ መንጋውን፣ ከዚያ የራሳቸውን እግር። በረዶ ወረደ። ዣንጥላው አንድ ጊዜ ተዘርግቶ በነፋሱ ተገለበጠና አመለጣቸው። ወሰንየለሽ ላስቲኩን በሁለታቸው ራስ ላይ ይዛ የልጅቱን እጅ ጨብጣ መራመድ ጀመረች። ነፋሱ በግራ ጉንጯ ከነፈሰ ወደ ማደሪያው ነው፤ ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች። ሩብ ሰዓት ያህል ሄዱ። ነፋሱ መዞሩን አላወቀችም።

ያስቆማት የዝንጀሮ ድምፅ ነው። ግልገል ይጮኻል፣ እናት ታጉረመርማለች። ድምፁ ከፊት ለፊት አልነበረም። ከእግሯ ሥር ነበር።

ያነሣችውን እግር አላሳረፈችውም። አንድ ጠጠር ከጫማዋ አፍንጫ ተንሸራቶ ወረደ፤ ሲያርፍ ግን አልተሰማም። «ልጄ፣ አትንቀሳቀሺ» አለች፤ ድምፅዋን እሷም አላወቀችውም። «አሁን ቁጭ በይ። በቂጥሽ ወደ ኋላ ተሳቢ። እጄን አትልቀቂ።» እንደ ሕፃን በቂጣቸው እየተሳቡ፣ የረጠበውን የጓሳ ሣር እየጨበጡ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባዋን እስኪነካት ድረስ ወደ ኋላ ሸሹ። ከዚያ ወዲያ ፈቀቅ ለማለት ወኔ አጣች። ስልኩም ኔትወርክ የለውም።

ቤተል ስትንቀጠቀጥ ቆየች። ሱሪዋ ውኃ ጠጥቶ እግሯ ላይ ተጣብቋል፤ ጫማዋ ሲጫን ውኃ ይተፋል። ጥቂት ቆይታ መንቀጥቀጧን ተወች። ወሰንየለሽ ተመስገን ልትል ስትል ልጅቱ አንደበቷ ተሳስሮ፣ «እትዬ፣ ሞቀኝ እኮ» አለችና የሹራቧን አንገት ትጎትት ጀመር።

ወሰንየለሽ ከገደሉ ይልቅ በዚህ ቃል ደነገጠች። አወቀ የሚባለው አጎቷ ከዘመሮ ገበያ ሲመለስ በረዶ አግኝቶት፣ በማግስቱ ጋቢውን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ራሱን አስደግፎበት ነው ሞቶ የተገኘው። ሰይጣን አስወለቀው ያሉ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ግን ብርድ ሰው ሊገድል ሲል ያሞቀዋል ብለው ለቤተሰቡ ነገሩ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

የልጅቱን እርጥብ ልብስ ሁሉ ገፈፈች። የራሷን ቀሚስ ከላይ ፈታ ገላዋን ከልጅቱ ገላ ጋር አጣበቀች፤ በርኖሱን በሁለታቸው ላይ ደረበች፤ ላስቲኩን ከላይ ከደነች። የልጅቱ ገላ እንደ ወንዝ ድንጋይ ነበር። እግሮቿን በራሷ ጭኖች መካከል ይዛ በሶ በጥብጣ በትንሽ በትንሹ አጎረሰቻት። ዓይኗ ሲከደን እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል ብላ ፈራች። በጥፊ መትታ አነቃቻት።

«የእናትሽ ስም ማነው?»

«ጌታነሽ።»

«ምን ይሠራሉ?»

የልጅቱ ራስ ዘንበል አለ። እንደገና መታቻት። «እናትሽ ምን ይሠራሉ አልኩሽ!»

«መምህር… ሒሳብ…»

እየጠየቀች በልቧ ሌላ ነገር ታስባለች። ለዚች ጌታነሽ ለምትባል ሴት ምን ብላ ትነግራታለች? ልጅሽ ባናውን አልጋ ላይ ስትተው አይቼ ዝም አልኩ ልትላት ነው? «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለች ቆጠረች፤ ዐርባ አንዱን ስትጨርስ እንደገና ከአንድ ጀመረች። ስንት ዙር እንደሄደች አታውቅም። በመጨረሻ በደረቷ ላይ አንድ ነገር ተንቀጫቀጨ። የልጅቱ ጥርስ ነበር። ገላዋ እንደገና ብርዱ ተሰማው፤ መንቀጥቀጧ ተመልሶ መጣ። ወሰንየለሽ ያኔ ብቻ አለቀሰች።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲል ጉሙ ተገፈፈ። ገደሉ ከተቀመጡበት ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር። ቤተልን በርኖሱን አልብሳ፣ እሷ ላስቲኩን ለብሳ፣ ተደጋግፈው ሲሄዱ የጠባቂዎቹ ኃላፊ ጋሽ አስፋው በቅሎ እየሳቡ ሲፈልጓቸው መንገድ ላይ አገኟቸው።

በማግስቱ ልጅቱ እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች። ወሰንየለሽ አንሥታት ጥፋቱ የእኔ ነው አለቻት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። ለባሏ ምች መታኝ አለችው። እንቅልፍ ሲወስዳት እግሯ ባዶ አየር ላይ ያርፍና በርግጋ ትነሣለች።

ስትመለስ በቀጥታ ጋሽ አስፋው ዘንድ ሄደች። ከእንግዲህ ሻንጣውን ሳላይ አንድም እንግዳ አልመራም አለች። እንግዶቹ ይቀየማሉ አሏት።

«ይቀየሙኝ፣ ጋሼ። ተቀይመው በእግራቸው ይመለሱ።»

አሁን ጎጆው በር ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ታነጥፋለች። እንግዳው ያለውን ሁሉ ይዘረግፋል። ጅንስ ለብሶ ከሆነ አውልቆ ይቀይራል። ዣንጥላ እዚያው ይቀራል፣ የዝናብ ልብስ ይያዛል፤ ከሌለው ላስቲክ ትሰጠዋለች። ትርፍ ካልሲ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ታስራለች፣ ጓንትና ኮፍያ ትቆጥራለች፣ የጫማውን ሶል ገልብጣ በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች። ባናውን ግን ማንም ይሸታል ቢላት አትሰማም፤ እሷው ትሸከምለታለች። አንዳንዱ ይስቃል። አንድ ባለሥልጣን ነኝ ባይ ሰውዬ ተቆጥቶ ጭላዳዎቹን ሳያይ ሄዷል።

ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ከቆላው በኩል ነጭ ነገር ብቅ ሲል ዐሥር ደቂቃ የሚባል ልመና አትቀበልም። ባለፈው ጥቅምት ከሩቅ አገር የመጡ ባልና ሚስት መንጋው ሊደርሱ አንድ ኮረብታ ሲቀራቸው መለሰቻቸው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፀሐይ ሆኖ ዋለ። ሰውዬው በአስተርጓሚ ምን ታይቷት ነው ብሎ ጠየቀ። ወሰንየለሽ ሰማዩን ቀና ብላ አየችና ፈርቼ ነው አለች።