ቬልዳ ሮየር ለሽርሽር የቋጠረችው ዝርዝር ገንዘብ

ሮዞ ወደብ ላይ የሽርሽር መርከብ በቆመ ቁጥር፣ የሚወርደውን እንግዳ ሁሉ ስለ ገንዘቡ የምትመክር አንዲት ሴት አለች። ምክሯን የጠየቃት የለም። ቬልዳ ሮየር ትባላለች፤ ዕድሜዋ ስድሳ አንድ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሠላሳ አራቱን ዓመት የኖረችው በባሕሩ ግንብ ዳር ከተደረደሩት ሃያ ሁለት ጠረጴዛዎች በሰባተኛው ላይ ቆማ፣ የካካዎ ዘንግ፣ ቀረፋና ገውዝ እየሸጠች ነው። አውሎ ነፋስ የወሰደውን የቤቷን ጣሪያ ሁለት ጊዜ በዚያች ጠረጴዛ ገቢ መልሳለች፤ አንድ ልጅም አስተምራለች። ስለዚያ ብዙ አታወራም። ስለ ዶላር ግን ጠየቅሃትም አልጠየቅሃትም ትነግርሃለች።

"ይኼን ድፍን መቶ ማን ይዘርዝርልኝ ብለህ ነው ይዘኸው የወረድከው?" ትላለች፣ የማታውቀውን ሰው። "አንድ አንድ ዶላር ያዝ፣ ሃምሳ ስድሳ ይሁን። አምስት አምስትም ጥቂት ጣል አድርግበት። የተቀደደ፣ የተለጠፈ፣ እስክሪብቶ የነካው ግን እንዳታመጣብኝ፤ ባንካችን ፊቱን ያዞርበታል። ሳንቲምህን እቤትህ ተወው፤ እዚህ ከጠጠር አይሻልም።"

ሴትዮዋ ያለ ነገር አልነዘነዘችም። በዚያ የጠረጴዛ ሰልፍ ላይ "መክፈቻ" የሚባል ነገር አለ። መርከብ በገባ ቀን የመጀመሪያው ሽያጭ ማለት ነው። መክፈቻው ከመርከብ በወረደ ሰው እጅ መምጣት አለበት፤ መልስም ሊጠየቅበት አይገባም። የሻጯ የገንዘብ ሳጥን ገና ሳይጎርስ መልስ የወጣለት እንደሆነ የቀኑ ገንዘብ ሁሉ ተከትሎ ይወጣል ይላሉ። የመክፈቻውን ብር ግንባራቸውን ያስነኩታል፣ በዕቃዎቹ ላይ ያሳልፉታል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሥራ ተጀመረ የሚባለው። እንግዲህ እንግዳው ማለዳ ድፍን መቶውን መዝዞ ሲመጣ፣ ለሻጯ ሲሳይ ሳይሆን መርዶ ነው።

ትልልቁ ኖት ለምን እንደሚበዛም የሰልፉ ሴቶች የራሳቸው ማብራሪያ ነበራቸው። ዝርዝሩን ሁሉ የመርከቡ መጠጥ ቤት ቀድሞ ይበላዋል፣ ለእኛ የሚተርፈው ድፍኑ ነው ይሉ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንዳቸውም ይህን አልተጠራጠሩም።

ታዲያ የቬልዳ ልጅ ጀርዊን መርከብ ላይ ተቀጠረ። በልብስ አጠባ ጀምሮ የመኝታ ክፍሎች ኃላፊ ሲሆን፣ ለሠራተኛ ቤተሰብ በቅናሽ የሚሰጠውን የሰባት ቀን ቲኬት ለእናቱ ገዛላት። መርከቡ ከባርቤዶስ ተነሥቶ ደሴት ለደሴት እያለ፣ በአምስተኛው ቀን ሮዞ ላይ ይቆማል። ወሬው ጠረጴዛዎቹን በአንድ ጥዋት አዳረሳቸው።

"ደግ ነው፤ አንቺም እንደነሱ ልትሆኚ ነው!" አለች ክሎቲል። ክሎቲል የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የሳር ምንጣፍ የምትሸጥ፣ ከቬልዳ ጋር ሲናከሱ ሃያ ዓመት የሞላቸው ሴት ናት። "ትወርጃለሽ፣ ዕቃችንን አንድ በአንድ ትነካኪያለሽ፣ ከዚያ 'ውይ፣ ቦርሳዬን መርከብ ውስጥ ረሳሁት' ትያለሽ።"

"እኔ?"

"አንቺ እንጂ ሌላ ማን? የመርከብ ሰው ሆኖ ኪሱን ያልረሳ አሳዪኝ።"

ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። ቬልዳ ግን አልሳቀችም፤ እልህ ያዛት። "ስሚ፣ ክሎቲል። ያን ቀን የእያንዳንዳችሁን ጠረጴዛ እኔ እከፍታለሁ። ሁሉንም! መልስም አልጠይቅም። ይኼን ካላደረግሁ ሰባተኛውን ቦታ ውሰጂው።"

ሰባተኛው ቦታ ጥላ ያለበት፣ እንግዳው መጀመሪያ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ቦታ ነው። ሳቁ ቆመ። ክሎቲል እጇን ዘረጋች፤ ተጨባበጡ።

ከዚያ በኋላ ቬልዳ መርከብ በመጣ ቁጥር ከገቢዋ ንጹሕ የአንድ ዶላር ኖቶችን እየለየች ታስቀምጥ ጀመር። ጫፉ የታጠፈውን በእጇ እያቃናች አሮጌ የስልክ ማውጫ ውስጥ ትከትተዋለች፤ በላዩ ላይ የካካዎ መፍጫ ድንጋዩን ትጭንበታለች። ሁለት ወር ሲሞላ ሁለት መቶ አርባ ኖት ሆነ። ቀረፋ ቀረፋ ይላል። ማድራስ በሚባል ባለ ደማቅ ዳማ ጨርቅ ቋጥራ ወገቧ ላይ አሰረችውና በትንሿ አውሮፕላን ወደ ባርቤዶስ በረረች።

የመርከቡ መቀበያ ላይ የቆመችው ወጣት ፈገግታዋ አይጠገብም። "የባንክ ካርድዎን ይስጡኝ፣ እናቴ።"

"ካርድ የለኝም። ብር ነው ያለኝ፣ ለዚያውም ዝርዝር!" አለች ቬልዳ አፏን ሞልታ።

"እዚህ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም። ለመጠጡም ለሱቁም በዚህች በክፍልዎ ካርድ ነው የሚስተናገዱት። የባንክ ካርድ ከሌለዎት ሁለት መቶ ዶላር ያስይዙና ካርዱን እንከፍትልዎታለን።"

ቬልዳ ክው አለች። ለካ መርከቡ አንዲት ነጠላ ዶላር አይበላም! ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያልበላውን ሲያሙት ኖረዋል። ወገቧ ላይ ያለው ገንዘብ ደግሞ ገና ሮዞ ሳይደርስ ተፈለገ። ሁለት መቶውን ብትሰጥ ለሃያ ሁለት ጠረጴዛ አርባ ዶላር ይቀራታል፤ በአርባ ዶላር ደግሞ ምን ይከፈታል?

"ካላስያዝኩስ?"

"ምግቡ ነጻ ነው። ግን ምንም መግዛት አይችሉም፤ ለስላሳ እንኳን።"

"ሳላስይዝ እገባለሁ። የት ነው የምፈርመው?"

ጀርዊን ይህን በሰማ ጊዜ ነጭ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ክፍሏ ድረስ እየሮጠ መጣ። "እማዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው? ሰው ሁሉ ጭማቂ ሲያዝ አንቺ የቧንቧ ውኃ ይዘሽ ልትቀመጪ ነው? ጓደኞቼ ምን ይሉኛል? እኔ ላስይዝልሽ።"

"ቲኬቱን ከፍለሃል፤ ይበቃሃል።"

"ታዲያ የያዝሽው ገንዘብ ምን ይሠራል?"

"እሱ ቀጠሮ አለው።"

ልጁ ነገሩን ሲሰማ ሳቁም ንዴቱም አንድ ላይ መጣበት። "ለክሎቲል እልህ ብለሽ ሰባት ቀን ውኃ ልትጠጪ? እማዬ፣ አታዋርጂኝ።" ይህ ቃል ቬልዳን ወጋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ራሷን ተጠራጠረች። ልጇ ባልደረቦቹ ፊት አንገቱን የሚደፋ ከሆነ፣ ኩራቷ ምን ያደርግላታል? ቢሆንም ቋጠሮውን አልፈታችም። ውኃውን በሎሚ ጠጣች፤ ሎሚው ነጻ ነበረና።

እራት ላይ ከእሷ ጋር የሚቀመጡት ጎርደን የሚባሉ ጡረተኛና ባለቤታቸው ነበሩ። ሰውዬው ሴንት ሉሺያ ላይ ወርደው በተመለሱ ማታ ይማረሩ ጀመር። "ሃምሳ ዶላር ይዤ አንዲት ማንጎ መግዛት አቃተኝ። ሻጮቹ ሁሉ መልስ የለንም ይላሉ። ዋሽተው እኮ ነው!"

ቬልዳ ሹካዋን አስቀመጠች። "አልዋሹም፤ እኔም ሮዞ ላይ ሻጭ ነኝ። እርስዎ በማለዳ ሃምሳ ዶላር ይዘው ሲመጡ፣ ያቺ ሴት ከቤቷ ያመጣችው የአውቶቡስ ሒሳቧን ብቻ ነው።" ከዚያ በኋላ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተማሩ፤ ስንት ኖት፣ የትኛው ኖት፣ ለሾፌር ምን ያህል፣ ለአስጎብኚ ምን ያህል፣ የተቀደደው ለምን እንደማይወሰድ። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች ያሉትም አንገታቸውን አሰገጉ።

"እንግዲያው እርስዎ ካለዎት ይዘርዝሩልኝ። ለመቶው ዘጠና ይስጡኝ፤ አሥሩ የእርስዎ ነው" አሉ ጎርደን።

"ሺህ ቢሰጡኝም አልዘረዝርም። መቀበያው ይዘረዝራል፤ ሄደው ይሰለፉ።"

በአምስተኛው ቀን መርከቡ ሮዞ ሲደርስ ዝናቡ በገመድ የሚወርድ ይመስል ነበር። ተራሮቹ ጠፍተዋል። አብዛኛው ተሳፋሪ በመስኮት አየና ወደ ቁርሱ ተመለሰ። ቬልዳ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ መውረጃው ላይ ስትደርስ ጀርዊን ቆሞ አገኘችው።

"አራት ሰዓት ሆኗል፤ እስካሁን የወረደው ስምንት ሰው አይሞላም፤ እነሱም በቀጥታ አውቶቡስ ውስጥ ነው የገቡት" አላት። ድምፁ ዝቅ ብሏል። ሕፃን ሆኖ በዚያ ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ ያደገ ነው፤ ሳይከፈት የዋለ ቀን ምን እንደሆነ ያውቃል። ጃንጥላውን ዘረጋላት። "ሂጂ፣ እማዬ።"

ጠረጴዛዎቹ ፕላስቲክ ለብሰዋል። ሴቶቹ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ቬልዳን ሲያዩ እልል ያለም አልጠፋ፤ የመጀመሪያው ጠረጴዛ ባለቤት ግን እልል አላሉም። እማማ ኢቲን ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የቃሪያ ስጎ ይሸጣሉ፤ ሰልፉ ላይ ሕግ አዋቂም ዳኛም እሳቸው ናቸው። ቬልዳ አሥር ኖት ቆጥራ ስትዘረጋላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

"አይሆንም፣ ልጄ። ከራሳችን እጅ የመጣ መክፈቻ መክፈቻ አይደለም። እንደዚያማ ቢሆን ቤት እያለን እርስ በርሳችን እንከፋፈት ነበር።"

ቬልዳ ኖቶቹን እንደዘረጋች ቆመች። ሁለት ወር የለቀመችው፣ ልጇን ያስከፋችበት፣ ውኃ የጠጣችበት ገንዘብ በአንድ ቃል ከንቱ ሊሆን ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የኖረችበትን ሕግ ረስታ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛለች። ከታች በኩል ክሎቲል አንገቷን አስረዝማ ታያለች።

"እማማ፣ ከመርከብ የወረደ ሰው አይደል ሕጉ የሚለው?" አለችና የክፍሏን ካርድ ከደረቷ አወጣች። "ያንብቡት። ስሜ አለ። የክፍሌ ቁጥር አለ። ሲመሽ ተመልሼ እዚያ ነው የማድረው። ካልወረድኩ ከየት መጣሁ?"

እማማ ኢቲን ካርዱን ተቀብለው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት፤ ገለበጡት፤ ካርዱን ትተው ደግሞ ሴትዮዋን ከባርኔጣዋ እስከ ጫማዋ አዩአት። ዝናቡ ፕላስቲኩን ይደበድባል።

"ቬልዳ ሮየር። ተሳፋሪ" ሲሉ ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያም አሥሩን ኖት ከእጇ ወስደው ግንባራቸውን አስነኩት። "ቀረፋ ይሸታል፣ እናንተ! ተከፈተ!"

እልልታው ያን ጊዜ ነው የቀለጠው። ቬልዳ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ወረደች። ለአንዷ ስምንት፣ ለሌላዋ አሥራ አንድ፤ የአንገት ጌጥ፣ የጓቫ ማርማላታ፣ የልጅ ባርኔጣ። መልስ አልጠየቀችም። ሰባተኛው ላይ እህቷ ኢርማ ተክታት ቆማ ነበር፤ የራስን ጠረጴዛ በራስ እጅ መክፈት ስለማይሆን ጉንጯን ስማት አለፈች። ግን ብዙም አልራቀች፤ ከኋላዋ የታወቀ ድምፅ ሰማች። ጎርደንና ባለቤታቸው የዝናብ ልብስ ለብሰው፣ ከእነሱም ኋላ ከእራት ቤቱ የምታውቃቸው ሰባት ስምንት ሰዎች ተከትለው ወርደዋል። ሰውዬው የአምስት ዶላር ኖቶች እንደ መጫወቻ ካርታ ዘርግተው ይዘዋል።

"ግማሽ ሰዓት ተሰልፌ ነው ያመጣሁት!" አሉ። "የእርስዎ ጠረጴዛ የትኛው ነው?"

ኢርማ ኖቱን ግንባሯን ስታስነካ ቬልዳ አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አልሸሸገችውም።

መጨረሻው ላይ ክሎቲል ቆማለች። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች። ቬልዳ ከምንጣፎቹ ሁሉ ትልቁን፣ ጠርዙ በጥቁር የተሠራውን አነሣች።

"ስንት ነው?"

"ለአንቺ አሥራ ሁለት።"

"ለእኔ አላልኩም። ለመርከብ ሰው ስንት ነው?"

ክሎቲል ያጣመረቻቸውን እጆቿን ፈታች። በዚያ ሰልፍ የራስ ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ አያውቅም፤ ቬልዳም ለሃያ ዓመት ከእሷ ስትገዛ ሳትከራከር የወሰደችው ነገር የለም። "ሃያ" አለች ክሎቲል በመጨረሻ።

ቬልዳ ቋጠሮውን ፈታ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። ልክ ሃያ ነበር፤ ለብቻ ያቆየችው ለእሷ ነውና። ክሎቲል አነሣችው፣ ግንባሯ ላይ አደረገችው፣ እዚያውም ላይ ይዛው ቆየች። ፊቷን ለመሸፈን ይሁን ለመክፈቻው ማንም አላወቀም። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞራ፣ ዝናቡን በሚያልፍ ድምፅ ጮኸች።

"እናንተ! ይቺ የመርከብ ሴትዮ ከእኔ በሙሉ ዋጋ ገዛች!"

ቬልዳ ምንጣፉን ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ መርከቡ ተመለሰች። ጀርዊን ከባልደረቦቹ ጋር መውረጃው መሰላል ሥር ቆሞ ይጠብቃት ነበር፤ ምንጣፉን ተቀብሎ በሁሉም ፊት ትከሻው ላይ ተሸከመላት። ወገቧ ላይ አንድ ዶላር አልቀረም፤ እንደዚያ ቀን ኮርታም አታውቅም።