መዳብ የለበሰው ሽቦ

ኩልያሽና ባሏ ጁማጋሊ ሲፋቱ ምንጣፉንም ድስቱንም ተካፈሉ። የሚሠሩበትን የሽቦ ፋብሪካ ግን ማን ይካፈለው? ሁለቱም ሽቦ በጠባብ ቀዳዳ እየጎተቱ ከማቅጠን ሌላ ሙያ የላቸውም። እሷ ከማሽኗ፣ እሱ ደግሞ ፎርማን ሆኖ ከጀርባዋ ቀሩ። በካዛኪስታኗ ከተማ በቴሚርታው እንደነሱ የተጠማመደ ሰው አልነበረም።

በበረዶው ወራት አዲስ ሥራ መጣ፦ ውስጡ ብረት፣ ልብሱ መዳብ የሆነ ሽቦ። በተጣመመ ቀዳዳ እየተጨመቀ ያልፍና በጠባብ ቀዳዳ ይጎተታል፤ መጨመቁ ያጠነክረዋል። ኃላፊዋ ኢንጂነር ራውሻን ለኩልያሽ ቁርጡን ነገረቻት።

"ሙከራው ከከሸፈ ከማሽኑ ወርደሽ ማሸጊያ ክፍል ትገቢያለሽ።"

ማሸጊያ! ዕድሜዋን ማሽን ላይ የፈጀች ሴት ካርቶን ልታሽግ? ኧረ ወዲያ!

"ማሽኑን አግብተሻል አሉ" አላት ጁማጋሊ ሲያልፍ።

"ካንተ ይሻላል፤ አይዋሽም።"

"ምላስሽ ሽቦ ይቆርጣል።"

"አንተን ቆርጦ የለ!"

ሥራው አማረላት። ጥቅሉን ቀዝቃዛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ሄደች። በማግስቱ ግን ሽቦው ሲፈተሽ ከሚጠበቅበት ጉልበት በታች ተበጠሰ። ራውሻን ጫፉን አየችው።

"ሙቀት ነክቶታል። መዳቡ ለስልሷል፣ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ። የት ነበር ያደረው?"

ኩልያሽ ዞር ስትል ባዶውን መደርደሪያ አየች። ጥቅሉ ለፍተሻ የመጣው ከፋብሪካው ምድጃ ግድግዳ ሥር ተነስቶ ነበር። እዚያ ፋብሪካ በብርድ ወራት ተራ የብረት ሽቦ ምድጃ ዳር ያድራል፤ ቅዝቃዜው ጠዋት እጅ እንዳይበላ። ይሄኛው ግን ተራ አልነበረም። ደሟ ፈላ፤ ጁማጋሊን እጅጌውን ጨምድዳ ወደ ጥግ ወሰደችው።

"አንተ ነህ! ከማሽኔ ልታስወርደኝ!"

"ቀስ በይ፣ ሴትዮ!" ፊቱ አመድ መስሏል። "ጣቶችሽ እንዳይደርቁ ብዬ ነው። ይሄኛው ሙቀት እንደማይወድ በምን ልወቅ?"

"ላንተ ጣቴ ምንህ ነው?"

"ታዲያ ብርድ በመጣ ቁጥር ሽቦሽን ምድጃ ዳር የሚያስጠጋልሽ ማን መሰለሽ? ምድጃው ራሱ?"

ኩልያሽ እጅጌውን ለቀቀችው። ከተፋቱ ወዲህ በብርድ ወራት ሁሌ ጠዋት ለብ ያለ ሽቦ ነበር የምትጨብጠው፤ የሌሊት ሠራተኞችን ስታመሰግን ኖራለች።

ራውሻን ከኋላቸው ደረሰች። "ኩልያሽ፣ ያሞቅሽው አንቺ ነሽ?"

ጁማጋሊ አንገቱን ደፋ።

"እሱ ነው" አለች ኩልያሽ።

እሱን ከፎርማንነት አወረዱት፣ ማሸጊያ ክፍልም ገባ። እሷ ከማሽኗ ቀረች። በማግስቱ ተራ የብረት ሽቦ መጣላት፤ ስትጨብጠው በረዶ ሆኖ እጇን አቃጠላት። "ይበለው!" አለች ጮክ ብላ፤ ከዚያ ጓንቷን ለብሳ ስትጎትት ዋለች፣ ቀና ብላ ማንንም አላየችም።