ካሜራ ያልያዘበት ጠዋት

ባሌ ካረፈ ወዲህ የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ እነሳለሁ፤ ደጁን አይቼ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ለገበሬ ማስተማሪያ የሚሆን ፊልም እንዲያነሳ መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ወልቂጤ፣ ቀጥሎ ቡታጅራ መደበው። ሁለታችንም የሰሜን ሰዎች ነን፤ ጉራግኛ አንችልም። እሱ በጠዋት በላንድሮቨር ወደ ገጠር ይወጣል፤ እኔ የሰው ልብስ እየሰፋሁ እውላለሁ። ከሰላምታ ያለፈ የማወራው ሰው አልነበረኝም። ማታ ሲመጣ ወሬው ሁሉ ስለ ስህተቱ ነው፤ «ፀሐይዋ ከኋላቸው ነበረች፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ቶሎ አቆምኩት» ይላል። የእኔን ውሎ አይጠይቅም።

አንድ ቀን ቡታጅራ ጎረቤታችን የነበሩ አሮጊት እንሰት ሲፍቁ ሊያነሳ ሄደ። ተከተልኩት።

«ላንሳዎት፣ እማማ?» አላቸው በአክብሮት።

አማርኛ የለመዱት ገበያ ላይ ነው። ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ምን ወደቅሁና ታነሳኛለህ? ደግሞ በዚህ ወገብህ! በል መጀመሪያ ቆጮ ብላ!»

ግቢው በሳቅ ሞላ። እሱም ሳቀ። እቤት ስንገባ ግን፣ «እውነታቸውን ነው። ሳላውቃቸው ነው ላነሳ የሮጥኩት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ካሜራውን እየተወ ብዙ ቀን እሳቸው ዘንድ ዋለ። በየትኛው እግራቸው እንሰቱን ደግፈው እንደሚይዙ፣ መቼ ትንፋሽ እንደሚወስዱ አጠና። ማታ ማታ እንደ እሳቸው ቁጭ ብሎ እያስመሰለ ያሳየኛል። መጨረሻ ላይ መታገስ አቃተኝ።

«የእሳቸውን እግር ሳይቀር አወቅህ። እኔ እንዴት እንደምውል ታውቃለህ?»



በማግስቱ ወደ ገጠር አልወጣም። ከስፌት መኪናዬ ፊት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አፈርኩ፤ ክሩ ተበጠሰብኝ።

«ምን ታያለህ?»

«ሥሪ፤ ልማር።»

«ካሜራህስ?»

«ዛሬ ይቅር።»

ውጭ የላንድሮቨሩ ሾፌር ጡሩምባ ነፋ። «ጋሼ፣ ፀሐይዋ ከረረች እኮ!» እያለ ይጮሃል። ባሌ አልሰማውም። ቀኝ እጄ መዘውሩን ሲያዞር ግራው ጨርቁን የሚገፋው ነው ወይስ የሚይዘው ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። ቀስ ብዬ እየሰፋሁ አብረን አየን።

ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ፊልም ሠራ። ፀጉሩ ሸብቶም «ገና ተማሪ ነኝ» ይል ነበር፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

የሚጠይቁኝ ሰዎች አንቺንስ አንስቶሽ አያውቅም ወይ ይሉኛል። ያን ጠዋት ቢያነሳኝ ኖሮ ዛሬ የማየው እኔኑ ነበር፤ እሱ ከካሜራው ኋላ ይቀር ነበር። ባለማንሳቱ ፊቱን አየሁት። አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ ካሜራ ሲይዝ እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ በሁለቱም ዓይኖቹ ያየኝ ነበር።